ኤፍ-15ኢኤክስ መጨመር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ አየር ኃይል ከራዳር የሚሰወረው ኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን እያለው፣ መጀመሪያ በ1972 እ.ኤ.አ. የበረረውን ኤፍ-15 ተዋጊ አውሮፕላን ኤፍ-15ኢኤክስ በሚል ስም እንደ አዲስ እያሠራ መግዛቱ ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ለአገር ሰማይ ጥበቃ በጣም ይጠቅማል። ኤፍ-15ኢኤክስ 12 የአየር ለአየር ሚሳኤሎች ይሸከማል፤ ኤፍ-35ኤ ከራዳር እንደተሰወረ በሆዱ የሚይዘው 4 ነው። የአካሉ ዕድሜ 20,000 የበረራ ሰዓት ሆኖ ተነድፏል፤ የኤፍ-35ኤ 8,000 ነው።

መልስ፦ አሮጌዎቹን ኤፍ-15ሲዎች እየጠገኑ መቆየት ግን አያዛልቅም። በ2007 እ.ኤ.አ. አንዱ ሚዙሪ ላይ በበረራ መሃል ለሁለት ተሰበረ። ከአብራሪው ክፍል አጠገብ ያለው ቁመታዊ ተሸካሚ ብረት ከንድፉ ቀጥኖ ተሠርቶ ስለነበር፣ ስንጥቁ ዓመታት ሲያድግ ኖሮ ነው። ሌሎቹም ለምርመራ ከበረራ ታገዱ።

መልስ፦ በሁለታችሁም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኤፍ-15ኢኤክስ ለራዳር ገሃድ ነው። የጠላት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ሳይደመሰስ ቀድሞ አይግባ፤ መንገዱን ኤፍ-35 ይክፈትለት።