የ4 ዓመት ልጅ የባቡር ልደት በ7,000 ብር፦ የትኛው ወጪ ይቅር?

የባቡረኛው እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጄ መጋቢት 12 ቀን 4 ዓመት ይሞላዋል። የምንኖረው አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሳሎናችን መስኮት የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ስለሚታይ ልጁ አፉን የፈታው «ባቡር መጣ» እያለ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ልደቱ የባቡር ልደት እንዲሆን የወሰነውም እሱ ራሱ ነው፤ እኔና አባቱ የተማከርነው ስለ ገንዘቡ ብቻ ሲሆን፣ ከሌላው ወጪያችን ቀንሰን ማውጣት የቻልነው 7,000 ብር ነው።

ባለፈው ሳምንት የልደት ዲኮር የሚሠሩ ሰዎችን ዋጋ ጠይቄ ነበር። ለፊኛ ቅስት፣ ስሙና ፎቶው ለሚታተምበት ባነር እና ለጠረጴዛ ማስዋቢያ ብቻ የጠሩልኝ ዋጋ ያለንን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ነው፤ ኬኩና መስተንግዶው ገና አልተነሡም። በዚያ ላይ ቀኑ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል አማቴን ጨምሮ አብዛኞቹ አዋቂዎች ይጾማሉ። የጠራናቸው ልጆች 9 ናቸው፤ ወላጆችና ዘመድ ሲጨመሩ 25 ሰው እንሆናለን። ልጁ ሳይከፋው የትኛውን ወጪ ብንተው ይሻላል?

ካርቶን ሰብሳቢው

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ። ዲኮሩን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። የፊኛ ቅስት ለፎቶግራፍ የሚቆም ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደስ የሚለው ከጀርባው በተሰቀለው ሳይሆን ውስጡ ገብቶ በሚጫወትበት ነገር ነው። እኔ ለሴት ልጄ ተመሳሳይ ዝግጅት ሳደርግ ገንዘቤን ያዋልኩት በካርቶን ላይ ነበር።

ከሰፈር ሱቆች የዳይፐርና የፓስታ ባዶ ካርቶኖች በጥቂት ብር ገዛሁ። የላይና የታች ክዳናቸውን ቆርጬ ካወጣሁ በኋላ፣ ልጁ መሐሉ ገብቶ ሲቆም ወገቡ ላይ እንዲያርፍለት ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ማንገቻ ቀድጄ በሁለቱም ጎን አሰርኩለት። መንኮራኩሩ ጥቁር የተቀባ የወረቀት ሰሃን ነው። ቀለሙ የውሃ ቀለም ይሁን፤ የዘይት ቀለም ሽታው ቶሎ አይለቅም። የተቆረጠው የካርቶን ጠርዝ ክንድ ስለሚልጥ ዙሪያውን በፕላስተር ይሸፍኑት። የእርስዎ ባቡር አረንጓዴና ነጭ መሆን አለበት፤ ሰማያዊው የቃሊቲው መስመር ነውና በየቀኑ በመስኮት የሚያየው ልጅ ይህን ስሕተት አያልፍዎትም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፉርጎ ያዘጋጁ፣ ሁለት መጠባበቂያም ይጨምሩ። እኔ አንድ ጎድሎብኝ የጎረቤት ልጅ ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሲሸኙ ፉርጎአቸውን ለብሰው ስለሚሄዱ የስጦታ ከረጢት መግዛትም አያስፈልግዎትም።

ጨዋታውን ደግሞ የአረንጓዴው መስመር ራሱ አዘጋጅቶልዎታል። ከአያት ተነሥታችሁ ወደ ጦር ኃይሎች ስትሄዱ መገናኛን አልፋችሁ የምታገኙት ለም ሆቴልን ነው፤ እዚያ ባቡሩ ቆሞ ልጆቹ ብርቱካንና ሙዝ ይበላሉ። ቀጥሎ ስታዲየም ሲደርሱ ኳስ ወደ ቅርጫት ይወረውራሉ። ለገሃር ላይ አያቱ ስለ ድሬዳዋው ባቡር አምስት ደቂቃ ያህል ቢያጫውቷቸው መልካም ነው፤ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ከ«ባቡር ጣቢያው» የመጣ አይደል? ሜክሲኮን ሳትቆሙ እለፉና ተግባረ ዕድ ላይ ወረቀትና የቀለም እርሳስ ይሰጣቸው። ከዚያ የሚቀጥለው ጣቢያ ልደታ ነው፤ ኬኩ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ ከእውነተኛው መስመር አንድም አልተዛነፈም። የጣቢያዎቹን ስም በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እሱው ዲኮር ይሆንልዎታል።

ጋጋሪዋ

ኬኩን በተመለከተ፦ መጋቢት 12 የትንሣኤ በዓል ቢፈጥንም ቢዘገይም ከዐቢይ ጾም አያመልጥም፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይገጥምዎታል። ልጆቹ 7 ዓመት ስላልሞላቸው ጾሙ ባይመለከታቸውም፣ አንዱን ለልጅ ሌላውን ለአዋቂ ብሎ ሁለት ኬክ ማዘጋጀት ትርፍ ወጪ ነው። አንድ የጾም ኬክ ለሁሉም ይበቃል፣ ቤት ውስጥ ከተጋገረ ደግሞ ከሚገዛው በእጅጉ ይረክሳል።

3 ኩባያ ዱቄት፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባልቁ። በሌላ ዕቃ 2 ኩባያ ውሃ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ እና ትንሽ ቫኒላ ያዋሕዱና በዱቄቱ ላይ ያፍስሱት። እንቁላሉን ተክቶ ኬኩን የሚያነሳው ሶዳው ከአቼቶው ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው አረፋ ስለሆነ፣ ከተደባለቀ በኋላ ጎረቤት መጣ ብለው ሳያስቀምጡት ወዲያውኑ 175 ዲግሪ ወደሞቀ ኦቨን ያስገቡት። በሁለት ረዘም ያሉ የዳቦ ቅርጾች ከከፈሉት 45 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል፤ ስንጥር ወግተው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ከቀዘቀዘ በኋላ እያንዳንዱን ለሦስት ሲቆርጡት ስድስት ፉርጎ ያገኛሉ። የዱቄት ስኳር በሎሚ ጭማቂ ለውሰው ይቀቡት። ለጎማው ክብ ብስኩት ይጠቀሙ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ብስኩቶች ወተት ስላለባቸው ማሸጊያውን ሳያነቡ አይግዙ።

የዘይት ኬክ በማግሥቱ ይበልጥ ይለሰልሳል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ይጋግሩት፤ በዕለቱ መብራት ቢጠፋም አያስደነግጥዎትም።

የሦስት ልጅ አያት

ልጄ፣ ካርቶኑንም ኬኩንም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ሰው ጠርቶ በቁራጭ ኬክ መሸኘት በእኛ ዘንድ ያስቀይማል፤ አማትሽም ባይናገሩ ልብ ይላሉ። ይህ ማለት ግን ምሳ አብይ ማለት አይደለም። ጥሪው ላይ «ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት» ብለሽ በግልጽ ጻፊ፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምሳውን በልቶ ይመጣል፣ ልጆቹም የቀን እንቅልፋቸውን ጠግበው ስለሚነሡ አይነጫነጩም። ለአዋቂው አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ፣ የምስር ሳንቡሳ፣ ቆሎና ቡና ካቀረብሽ ክብርሽ ሙሉ ነው። ድፎውን መጋገሩን እኔ ብሆን ኖሮ ለአማትሽ ነበር የምሰጠው፤ ወጪሽ ይቀንሳል፣ እሳቸውም ከባለቤቶቹ አንዷ ይሆናሉ።

25 ሰው በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ባቡር አይነዳም። የሕንፃችሁን ኮሚናል አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ወንበርም አትከራዪ፤ የእድራችሁን ንብረት ያዥ ጠይቂያቸው፣ ለአባል የሚሰጡበት ደንብ አይጠፋቸውም።

የሕፃናት ክፍል ነርስ

በአጭሩ ሦስት ነገር ልጨምር። ፈንዲሻውና ኦቾሎኒው ከቡናው ጋር ለአዋቂዎች ይቅረብ እንጂ ለትንንሾቹ ልጆች አይሰጥ፤ በተለይ እየሮጡ ሲበሉ የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋል። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛም እንዲሁ ስለሚያንቅ ፊኛ ከተጠቀሙ ቁርጥራጩን ወዲያው ይልቀሙት። ሦስተኛው ማንም ያላነሣው ነው፦ ካርቶን የለበሰ ልጅ እግሩን አያይም። የቡናው ከሰል ምድጃ ከባቡሩ መንገድ ርቆ፣ ከኋላው ግድግዳ፣ ከፊቱ አዋቂ ተቀምጦበት ይሁን። ሻማውም ሲለኮስ ልጁ ፉርጎውን አውልቆ ይቅረብ።

የባቡረኛው እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዲኮሩን ሰርዤአለሁ። አባቱ ትናንት 12 ካርቶን ተሸክሞ መጥቶ ሳሎናችን መጋዘን መስሏል፤ ካርቶኑ፣ ቀለሙና ፕላስተሩ ተደምረው ከ900 ብር አላለፉም። ኮሚናሉን አስፈቅደናል። አማቴ ስለ ድፎው ገና ሳልጠይቃቸው «ኮባው በእኔ» ብለዋል። የቡናውን ቦታ በነርሷ ምክር ከመግቢያው በስተግራ ወዳለው ጥግ አዛውረነዋል።

አንድ ያልፈታነው ችግር ግን አለ። ባለልደቱ ሾፌር መሆን አይፈልግም፤ ትኬት ቆራጭ ነው መሆን የሚፈልገው። ትናንት ማታ የአባቱን የወረቀት መብሻ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ትኬት ያልያዘች አክስቱን ለረጅም ጊዜ አላስገባም ብሏት ነበር። ባቡሩን ማን ይንዳው?

ካርቶን ሰብሳቢው

አያቱ ይንዱት። ለእሳቸው የሚሆን የፍሪጅ ካርቶን ያስፈልጋል፤ የቤት ዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳይሆን ዐርብ ከሰዓት በኋላ ይጠይቁ፤ ቅዳሜ ከሄዱ ሌላ ሰው ቀድሞዎት ይወስደዋል።