«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፦ ሁለቱ እልፎች አንድ ቃል ናቸው?

የፒያሳው፦ ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአውቶቡስ ስመጣ ትኬት ቆራጯ «ወደ ውስጥ እልፍ በሉ!» ስትል አንድ አባት «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል ይባል ነበር ልጄ፤ እኛ ወንበር እንኳ አላገኘንም» ብለው አሳቁን። ተረቱን ሥራ ያጣ ወይም እጮኛው ጥላው የሄደች ሰው ሲጽናናበት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለካ ቃሉን አስቤው አላውቅም። ሁለቱ እልፎች አንድ ናቸው?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦ አይደሉም ወንድሜ። የፊተኛው ከ«አለፈ» ነው፤ በግእዝ «ኀለፈ»። ኀ ከአማርኛው ግሥ ወደቀች እንጂ «ኅልፈት» እና «ኃላፊ» ላይ እስከ ዛሬ አለች። የኋለኛው ከጥንቱም በአልፋው አ የሚጻፍ የቁጥር ስም ነው፤ 10,000 ማለት ነው። ስታነበውም የፊተኛው ፍ ይጠብቃል፣ የኋለኛው ይላላል።

ጠያቂዋ፦ ልክ 10,000? እኔ «ብዙ» ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦ ልክ እሱን። ሴቶቹ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ሰጥተው ሲዘፍኑ ሳኦል የተቆጣው ሒሳቡ ስለገባው ነው እኮ፤ አሥር እጥፍ ተበለጠ! ዐረብኛው «አልፍ» እና ዕብራይስጡ «ኤሌፍ» 1,000 ናቸው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ዘመዳቸው አድጓል። የግእዝ አኃዝ ለ1,000 የራሱ ምልክት የለውም፤ ፲፻ ብሎ ያልፋል፣ አሥር መቶ። ከ፻ በኋላ አዲስ ምልክት የሚመጣው ፼ ላይ ነው፤ ቅርጹን ብታዪው ሁለት ፻ ተያይዘው ነው። ፻፼ ሚሊዮን፣ ፼፼ መቶ ሚሊዮን ይሆናል። አማርኛ «አሥር ሺህ» ማለት ሲለምድ እልፍ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ ቁጥር ደግሞ «ብዙ» ይሆናል። ደመወዙን በእልፍ የሚቆጥር ሰው ታውቂያለሽ?

የሒሳብ መምህር፦ ሥራ ፈታ አትበሉብኝ! 10,000 ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 25 ቁጥሮች አሉ። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ 2 ከ5,000፣ 16 ከ625። 100 ብቻ ጥንዱ ራሱ ነው፤ ለዚህ ነው ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነው። ያ የተያያዘ ፻፻ የሚለውም ይህንኑ ነው። ደግሞ ከ1 ተነሥታችሁ 3፣ 5፣ 7 እያላችሁ ጎዶሎዎቹን እስከ 199 ደምሩ፤ ድምሩ 10,000 ይመጣል። 100 ጊዜ እልፍ ሲሉ፣ እልፍ!

ጠያቂዋ፦ ውይ፣ ይሄስ ቅኔ ነው።

የፒያሳው፦ መምህር፣ ይቅርታ፣ 99 ጊዜ ነው። 1 ላይ ቆመን አይደል የጀመርነው?