የፍንዳታ ንዝረትና የድንጋይ ካባ ግድግዳ ጉዳት፦ ለጋራ ምክረ ሐሳባችን አንቀጽ 4

የረቂቁ አዘጋጅ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አንቀጽ 4 በቀን የሚፈነዳውን ጠቅላላ የፈንጂ መጠን ሳይሆን፣ በ8 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አብሮ የሚፈነዳውን እንዲገድብ አሳስባለሁ። የአሜሪካ የገጸ ምድር ከሰል ማዕድን ደንብ፣ ከ92 እስከ 1,524 ሜትር ባለው ርቀት፣ ንዝረት መለኪያ ሳይተከል ማፈንዳት የሚፈቅደው በዚህ መንገድ ነው፤ ርቀቱ በሜትር ተወስዶ ለ25 ያህል ይካፈልና ድርሻው በራሱ ሲባዛ የሚፈቀደው ኪሎ ግራም ይገኛል። ቤቱ 500 ሜትር ላይ ከሆነ 400 ኪሎ፣ 250 ሜትር ላይ ከሆነ ግን 100 ኪሎ ብቻ ይሆናል።

የፍንዳታ ባለሙያ፦
እደግፋለሁ፤ ነዋሪው የሚቆጥረው በመኪና የገባውን ፈንጂ ቢሆንም። ለካባ ሠራተኛው ግን ቁጥሩን በጉድጓድ ብንገልጽለት ይሻላል። 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ 10 ሜትር አንፎ (የአሞኒየም ናይትሬትና የነዳጅ ዘይት ድብልቅ ፈንጂ) ሲሞላ 88 ኪሎ ገደማ ስለሚይዝ፣ በ250 ሜትር ርቀት ሁለት ጉድጓድ አብሮ መፈንዳት የለበትም።

የጂኦቴክኒክ ባለሙያ፦
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ስሌት የቆመው በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር የመሬት ንዝረት ፍጥነት ገደብ ላይ ነው፤ በካባዎቻችን ዙሪያ ላሉት የጭቃ ቤቶች ይበዛል ባይ ነኝ። የጀርመኑ የንዝረት መስፈርት ዲን 4150 ክፍል 3፣ ንዝረቱ ከ10 ኸርዝ (በሰከንድ ከ10 ውዝዋዜ) በታች ሲሆን ለመኖሪያ ቤት 5፣ በቅርስነት ለሚጠበቅ ሕንፃ 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ያስቀምጣል። ዝግ ብሎ የሚደጋገመው ንዝረት ከቤቱ የራሱ መወዛወዝ ጋር ስለሚገጥም ፍጥነቱ ብቻውን አይበቃም፤ ድግግሞሹም ይመዝገብ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ተቀብያለሁ። ስሌቱ ለመነሻ ዕቅድ ብቻ ይሁን፤ ገደቡ 5 ሆኖ፣ ለካባው በጣም ቅርብ በሆነው ቤት መሠረት ላይ መለኪያ ይተከል። ግድግዳውን ለመጠበቅ ደግሞ በዳርቻው መስመር ቀድሞ የመሰንጠቅ ፍንዳታን (ከዋናው ፍንዳታ በፊት ዳርቻውን በስንጥቅ መስመር የሚለይ) ጽፌአለሁ፤ ንዝረትንም ይቀንሳል ብዬ ነበር።

የፍንዳታ ባለሙያ፦
የመጨረሻውን ሐረግ ይሰርዙት። የዳርቻ ጉድጓዶች ቀጭን የፈንጂ ሙሌት ቢኖራቸውም፣ ከፊታቸው የሚለቅቅ ክፍት ቦታ ስለሌለ በኪሎ ሲሰላ ከዋናው ፍንዳታ የበለጠ ንዝረት ይሰጣሉ። ስለዚህ በአንዴ ሳይሆን በትናንሽ ቡድን እየተዘገዩ ይፈንዱ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ረድፍም ሙሌቱ ይቀንስ፤ አለዚያ የተሰነጠቀው ዳርቻ ከኋላ ይፈርሳል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሰርዤዋለሁ። የቀረው የመለኪያው መዝገብ ለቀበሌው ይሰጥ ወይስ በካባው ይቀመጥ የሚለው ነው፤ እኔ ለሁለቱም እንዲደርስ ጽፌ እልካለሁ።