ከአዲስ አበባ ዛፎች የተቀዳ ጌጥ፦ ማን ጋ ላሠራ፣ ከማን ልግዛ?

የዛፍ ቅርጽ ያለው ጌጥ ፈልጎ ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አንድ ዓይነት ነገር ላይ ነው። በክብ ቀለበት ውስጥ ሥርና ቅርንጫፉን የዘረጋ ዛፍ፣ ስሙም «የሕይወት ዛፍ»። ቦሌም ሂዱ መርካቶ ያው ነው። አብዛኛው በጅምላ ከውጭ የገባ ነው፤ የየት አገር ዛፍ እንደሆነም አይታወቅም። የኔ ጥቆማ ሌላ ነው። ስሙን የምታውቁት፣ መንገዳችሁ ላይ የቆመ ዛፍ ይሁን። ጃካራንዳ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ፣ ዘንባባ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጊዜ ካላችሁ አንጥረኛ ጋ ሄዳችሁ አሠሩ። ጊዜ ከሌላችሁ የእንጨት ጌጥ ግዙ። ሌላው ሁሉ ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንጥረኛ ሲባል ድሮ ሁሉም ሰው ፒያሳ ነበር የሚሄደው። በ2016 የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስ ሱቆቹ ወዲያና ወዲህ ሄደዋል። የምታውቁት ቤት ካለ ደውላችሁ ውጡ። ደግሞ ወርቅ ቤት ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም፤ መሸጥ ብቻ ሥራቸው የሆኑም አሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ሠሪው ራሱ አለ?» ይሁን። በሻጭ በኩል የተላከ ቅጠል ሠሪው ጋ ሲደርስ ተራ የቅጠል ሥዕል ሆኖ ይወጣል። የብሳና ይሁን የጎመን አይለይም።

ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ። ቅጠሉን ራሱን ያዙ። አንጥረኞች ብርን የሚያሳሱበት ሁለት የብረት ጥቅል ያለው ማሽን አላቸው። በእሳት ግሎ የለሰለሰ የብር ዝርግ ላይ ቅጠሉን አስተኝተው በማሽኑ ሲያሳልፉት ደም ሥሩ ሳይቀር ብሩ ላይ ይታተማል። የሰው እጅ እንዲያ አድርጎ አይቀርጽም። ለዚህ እርጥብ ቅጠል አይሆንም፤ ውኃው ይጨመቅና ምስሉ ይበላሻል። መጽሐፍ ውስጥ ከትታችሁ በደንብ አድርቁት። ምርጫዬ ብሳና ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ ደም ሥሩም ጉልህ ነው። ትልቁ ለሐብል እንኳ ስለሚበዛ ከጫፍ ላይ ለጋውን ቅጠፉ። ጃካራንዳም ያምራል፤ ቅጠሉ እንደ ላባ የተበጣጠሰ ስለሆነ ለጉትቻ ተስማሚ ነው። የወይራ ቅጠል ግን ወፍራም ነው። ዳር ዳሩ ይወጣል እንጂ ውስጡ ብዙም አይታይም።

ፍሬ ማስቀረጽ የፈለገ ሰው ወደ ባሕር ዛፍ ይሂድ። በምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት የመጣው ይህ ዛፍ እስከ ዛሬ እንጦጦን ሸፍኖታል። ነጩ ባሕር ዛፍ አበባው ሲፈካ ከላዩ ላይ ትንሽ ቆብ ይጥላል። ሻካራ ነው፣ መሐሉ ላይ እንደ እምብርት ያለ ጉብታ አለው። ቆቡ ሙቀት በሚችል ጀሶ ይከበብና ይቃጠላል። እሱ የለቀቀው ባዶ ቦታ ላይ የቀለጠ ብር ይፈስሳል። አንድ ቆብ አንድ ጌጥ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሊበላሽም ስለሚችል ትርፍ ይዛችሁ ሂዱ። ፍሬውን ሙሉውን ላስቀርጽ ካላችሁ ግን ለሐብል ብቻ ይሁን፤ ድፍን ብር ጆሮ ይጎትታል። በኔ ልክ አንዱ ጉትቻ ከ5 ግራም ባያልፍ ጥሩ ነው። ይህን ሥራ ሁሉም አንጥረኛ አይሠራውም። እምቢ ካሉ በሰም ቀርጸው ሊያፈስሱላችሁ ይችላሉ፤ መልኩ ግን የሠሪው እጅ ይሆናል።

ከሁሉም የምወደው ንድፍ ግን የሆሳዕና ቀለበት ነው። በሆሳዕና ዕለት ከዘንባባ ታጥፎ ጣት ላይ የሚጠለቀውን የማያውቅ የለም። ያንኑ አስተጣጠፍ ከቀጭን የብር ጥብጣብ አሠሩት። ብር ብዙ አይበላም፣ ማሽን አይፈልግም፣ ጎበዝ አንጥረኛ ናሙናውን አይቶ ወዲያው ይገባዋል። ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ናሙናውን ከበዓሉ አስቀርታችሁ አስቀምጡ፤ ሲደርቅ ቅርጹን አይለቅም።

ዋጋ ላይ ቁጥር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ ለከርሞ አይሠራም። ዋጋው ከሁለት ነገር ነው የሚመጣው፤ ከብሩ ክብደትና ከእጅ ዋጋ። ሁለት ቤት ስታወዳድሩ የብሩ ዋጋ ብዙም አይራራቅም። ልዩነቱ የእጅ ዋጋ ላይ ነው፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ይሁን። ቀብድ ስትከፍሉ ግራሙና የብሩ ንጥረት ደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ። 925 ማለት ከሺህ 925 እጁ ብር ነው። ማግኔት ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ፤ ብረትን ብቻ ነው የሚያጋልጥላቸው። ብር የሚመስለው የኒኬል ቅይጥ በማግኔት አይያዝም። በአሲድ ካልተፈተሸ አትመኑ። ጆሮ የሚያሳክከውም ብዙ ጊዜ ይኸው ኒኬል ነው።

የአያታችሁን ማርትሬዛ፣ ያንን የድሮ የብር ጠገራ፣ አቅልጣችሁ ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። አንዷ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ንጥረቷም 833 ነው። ብር ገዝቶ ማሠራት ይቻላል። ማርትሬዛዋን ራሷን በሐብል አንጠልጥሏት።

ወደ እንጨት ስንመጣ ወይራን የሚያህል የለም። ጠንካራ ነው፣ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት፣ ሲወለወል ያበራል። መቁጠሪያ የሚሠሩ ሰዎች ዶቃውን ከመቦርቦር ጀምሮ ስለሚያውቁት አምባርም ሆነ ሐብል ቢታዘዙ አያቅታቸውም። አንድ ነገር ጠይቁ፤ እንጨቱ ከየት መጣ? የአናጢ ቤት ቁርጥራጭ ከሆነ እሰየው። ለጌጥ ተብሎ ወይራ መቆረጥ የለበትም። ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ለትልቅ ጉትቻ ይሻላል። «ጥቁር እንጨት ነው» የተባላችሁትን ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም ነው የገዛችሁት።

በጣም ርካሹና በጣም ቀላሉ የጃካራንዳ ፍሬ ነው። ሲደርቅ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ዳሩ ሞገድ ሞገድ የሚል ይሆንና ለሁለት ይከፈታል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ጥንድ ጉትቻ ናቸው ማለት ነው። ቫርኒሽ ቀብተው መንጠቆ ያደረጉለት ልጆች ባዛር ላይ ይገኛሉ። መንጠቆውን ብቻ በብር አስቀይሩ።

ሬዚን ውስጥ፣ ማለትም ፈስሶ እንደ መስታወት በሚደርቅ ፕላስቲክ ውስጥ፣ አበባ አስገብተው በቴሌግራም የሚሸጡም ብዙ ናቸው። ፎቶው ይገድላል። ግን የጃካራንዳ ሐምራዊ ሲደርቅ ይደበዝዛል፣ ሬዚኑም ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል። ለአንድ ፕሮግራም ከሆነ ይሁን፣ ለስጦታ አልመክርም። ቸርችል ጎዳና ያሉ የቱሪስት ሱቆች ለመስቀልና ለድሮ ድሪ ጥሩ ናቸው፤ የዛፍ ነገር ግን እምብዛም አላየሁባቸውም።

የትኛው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ግራ ለገባው፣ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሎቹን አንድ ላይ ማየት ይቻላል። ከግቢው ቅጠል መቅጠፍ ግን አይሆንም፤ ከሰፈራችሁ ልቀሙ።

አሜሪካ ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ፣ የፍሬና የእንጨት ጌጥ ሲገባ ለጉምሩክ መገለጽ አለበት፤ ሊወሰድም ይችላል። ለመንገደኛ የብሩን ስጡት።