ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ አሁንም ሀ ብዬ የምጀምር ይመስለኛል፤ በዚህ ሙያ እንዴት ነው የሚቆየው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዌብ ዴቨሎፐር ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ሥራ የጀመርኩት ጉግል ባወጣው የዌብ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ)፣ በአንጉላር ጄኤስ ነው። ማታ ማታ እያነበብኩ ጠንቅቄ አወቅኩት። ቡድናችን ውስጥ የከበደ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ነበር የሚላከው። ከዚያ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ድጋፉን አቆመ፤ እኛም ሲስተሙን በሙሉ ወደ ሌላ የገጽ መሥሪያ፣ ወደ ሪአክት አዞርነው። ያን ጊዜ ገና ከተቀጠሩት ልጆች እኩል ቁጭ ብዬ ሀ ብዬ ጀመርኩ። አሁን ደግሞ አዲስ የገባ ልጅ በኤአይ እየታገዘ፣ እኔ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝን ቅጽ ሰዓት ሳይሞላ ያወጣዋል።

ትናንት ማታ ሌላ ኮርስ ከፈትኩ፤ አሥር ደቂቃ ሳልቆይ ዘጋሁት። ሥራውን እወደዋለሁ፤ በ50 ዓመቴም ብሠራው ደስ ይለኛል። ግን በየአምስት ዓመቱ ፈርሶ እንደገና የሚሠራ ቤት ውስጥ የምኖር ያህል እየተሰማኝ ነው። ጊዜዬን ምን ላይ ላውል? ለመቆየትስ የግድ ማኔጀር መሆን አለብኝ?

ሰንጠረዥ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ወረቀት አውጣና በሁለት ክፈለው። በአንዱ በኩል ከአንጉላር ጄኤስ ጋር አብሮ የሄደብህን ዕውቀት ጻፍ፤ በሌላው በኩል አሁንም የምትሠራበትን። የመጀመሪያው ዝርዝር ከምታስበው ያጥራል። ብሮውዘሩ ጥያቄ ልኮ መልስ እስኪቀበል ያለው መንገድ ያው ነው። ገጹ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ኩኪ ያው ነው፣ የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ያው ነው። ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል የቆመበትን ሐሳብ ኤድጋር ኮድ ያሳተመው በ1970 ነው። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ኮምፒውተሮች ዛሬም ወደሚነጋገሩበት ደንብ፣ ወደ ቲሲፒ አይፒ የዞረው በ1983 መጀመሪያ ነው። እኔም አንተም ዛሬ እንጀራችንን የምንበላው በእነዚህ ነው። ከላይ ያለው ቀለም ይቀየራል፤ መሠረቱ ግን ብዙም አልተነቃነቀም።

በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገርህ። በአንድ ወቅት የትዕዛዝ ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ ነበረን፤ ለመከፈት 11 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስብሰባ ላይ አንዱ ሰርቨሩ ይደግ አለ፣ ሌላው ካሽ (ውጤቱን ለጊዜው የሚያስቀምጥ ማከማቻ) እንጨምር አለ። ሁለቱም ገንዘብ የሚፈልጉ ናቸው። እኔ ገጹ ለዳታቤዙ የሚልከውን ጥያቄ ከሎጉ (ከሲስተሙ መዝገብ) ቀድቼ ፊቱ ላይ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» የሚለውን፣ ዳታቤዙ ጥያቄውን እንዴት እንደሚፈጽም የሚያሳይ ትዕዛዝ ጨምሬ አስኬድኩት። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ የሚመልስልህ የአፈጻጸም ዛፍ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነበበው። ከሥሩ «ሴክ ስካን» (ሰንጠረዡን በሙሉ ማንበብ) ይላል፤ 25 ረድፍ ለማውጣት አራት ሚሊዮን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ያነብብ ነበር። የደንበኛው መለያና ቀኑ ላይ አንድ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ረድፉን ቶሎ የሚያገኝ) ሠራን፤ መለያው ቀድሞ፣ ቀኑ ተከትሎ። ስንሠራው «ኮንከረንትሊ» የሚለውን ጨመርንበት፤ ያለ እሱ ኢንዴክሱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሰንጠረዡ መጻፍ ይታገዳል። ገጹ ዓይን ሳይርገበገብ መከፈት ጀመረ። ይህን ዕውቀት የተማርኩት ከ15 ዓመት በፊት ነው፤ እስካሁን ማንም አልሻረብኝም።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ጥያቄውን በእውነት ያስኬደዋል። ዲሊት (ማጥፊያ) ወይም አፕዴት (መቀየሪያ) ከሆነ ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚሰረዝ ሥራ) ውስጥ ከትተህ በሮልባክ (ሁሉን በሚሰርዝ ትዕዛዝ) ዝጋው። ይህን ባለማወቅ ዳታ ያጠፉ ሰዎች አይቻለሁ።

ቡድን መሪ፦
ሰንጠረዥ ያለው ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ለቡድናችን ሰው የምመርጠው እኔ ነኝ። ሲቪህ ላይ የዘመኑ መሣሪያ ከሌለ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ይጣላል። ፍትሐዊ ነው አልልህም፤ የሚሆነው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ አዲስ ነገር ምረጥ፤ አንድ ብቻ፤ እሱንም በሥራህ ላይ ተማረው። ሃያ ኮርስ ጀምሮ የተወ ሰውና አንድ ነገር ሠርቶ የጨረሰ ሰው ኢንተርቪው ላይ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይለያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወንድሜ፣ እንደ ኪሳራ የቆጠርከው ነገር ትልቁ ሀብትህ ነው። ሰው እየተጠቀመበት ያለን ሲስተም ከአንድ ፍሬምወርክ ወደ ሌላ አሻግረሃል! ከባዶ መጀመርማ ማንም ይችላል። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ አንድ ገጽ እየነቀሉ ሌላ መትከል፣ የተጠቃሚው ሎግኢን ሳይቋረጥ ማለፍ፣ የትኛው ገጽ ቀድሞ ይሂድ ብሎ መወሰን፤ ይህን ያለፈበት ሰው ፈልጌ ስንት ወር ጠብቄያለሁ። ሲቪህ ላይ «ሪአክት፣ 4 ዓመት» ብለህ ከሆነ የጻፍከው አሁኑኑ አጥፋው። ስንት ገጽ እንደነበረ፣ ስንት ወር እንደፈጀ፣ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳስተካከልከው ጻፍ። አንብቤው ያልጠራሁት ሰው የለም።

ማኔጀርነት ሌላ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ሞክሬው ወደ ኮድ ተመለስኩ፤ ማንም ዝቅ አላደረገኝም። ብዙ ድርጅቶች ከሲኒየር በላይ ስታፍ፣ ፕሪንሲፓል የሚባል የቴክኒክ ደረጃ አላቸው። ያንተ ቤት እንዳለው ጠይቅ። ሰው ማሳደግ ደስ የሚልህ ከሆነ ግባበት፤ ከፍርሃት የተነሳ ግን አትግባ።

የሌሊት ተረኛ፦
ሲስተም አድሚን ነኝ፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆነኝ። እኔን ያቆየኝ ደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው፣ ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ላይብረሪ በኦፕንኤስኤስኤል ላይ ያለ የደኅንነት ክፍተት ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ሰርቨር ስናድስ አደርን። ጠዋት ላይ ጨርሰናል ብለን ተጨባበጥን። አልጨረስንም ነበር። ላይብረሪው ዲስክ ላይ ቢታደስም፣ ሲሠራ የነበረው ፕሮግራም ተዘግቶ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ሚሞሪ ውስጥ የያዘው አሮጌውን ነው። የሰርቨሮቹን ማንነት የሚያረጋግጡት ሰርቲፊኬቶችም በአዲስ የምስጢር ቁልፍ እንደገና መውጣት ነበረባቸው። የዚያን ቀን ስህተቴን በሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ምን አየሁ፣ ምን ገመትኩ፣ ምን ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ችግር ሳልጽፍ አላለፍኩም። ከሦስቱ የምትበልጠው መካከለኛዋ ናት። ግምትህን ካልጻፍክ፣ መልሱ ከታወቀ በኋላ ድሮም የምታውቀው ይመስልሃል፤ ትምህርቱም ያመልጥሃል። ደግሞ ሰው ይጠቀምበታል። አዲስ ልጅ ሲመጣ ደብተሩን ነው የምሰጠው።

ተመላሽ፦
እኔ አጭር ነገር ነው ያለኝ። በአራተኛ ዓመቴ ድካሙ አቅሜን ጨርሶት ሥራውን አንድ ዓመት ተውኩት። ኮርሱን አሥር ደቂቃ ሳትቆይ ዘጋሁት ስትል ያ ጊዜ ትዝ አለኝ። እህትህ ልምከርህ፦ በዚህ ወር ምንም አትማር። እንቅልፍህን ተኛ። እረፍት ላይ ያለ ሰው ወደ ኋላ አይቀርም። አንድ ዓመት ጠፍቼ ስመለስ ለማካካስ የፈጀብኝ ሁለት ወር ነው።

ቀይ መስመር፦
ስለ ኤአይ ማንም አልመለሰልህም፤ እኔ ልሞክር። ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ልጁ ሰዓት ሳይሞላ ያወጣውን ቅጽ ክፈትና «ላክ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫን። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ እንዲሆን ብሮውዘሩ ላይ አስተካክለህ ድገመው። ሁለት ትዕዛዝ ከተመዘገበ ሥራው አላለቀም። አንዴ ከተጫኑት በኋላ የ«ላክ»ን ቁልፍ እንዳይሠራ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቶ ብሮውዘሩ ወይም ተጠቃሚው መልሶ ሊልከው ይችላል። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መለያ ኖሮት፣ ሰርቨሩ ያንን መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ የመጀመሪያውን መልስ መመለስ አለበት። ኤአይ ይህን ጠይቀኸው ይሠራልሃል፤ መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። ዘጠኝ ዓመትህ ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጁን አትፍራው፤ አጠገብህ አስቀምጠውና አብራችሁ ፈትሹ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት ልሞክረው ብዬ ነው። ወረቀቱን ከፍዬ ጻፍኩ፤ የሄደው 6 ነገር፣ የቀረው 31 ሆነ። ቅጹን ሁለቴ ተጫንኩ፤ ሁለት ትዕዛዝ ተመዘገበ። ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን አስተካከልነው፤ እሱ ኮዱን ጻፈ፣ እኔ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ቆጠርኩለት። ሲቪውን ገና እየጻፍኩት ነው።

አሁን አንድ ነገር ገትሮኛል። ተጠቃሚን በኢሜይል የምንፈልግበት ገጽ ዘገምተኛ ነው። ኢሜይሉ ላይ ኢንዴክስ አለ፤ ኤክስፕሌን ግን አሁንም «ሴክ ስካን» ይለኛል። ጥያቄው ኢሜይሉን መጀመሪያ በ«ሎወር» ወደ ትንንሽ ፊደል ይቀይረዋል። ችግሩ እሱ ይሆን?

ሰንጠረዥ፦
እሱ ነው። ኢንዴክሱ የያዘው ኢሜይሉን እንዳለ ነው፤ አንተ የምትፈልገው ደግሞ በ«ሎወር» ያለፈውን ነው። ለዳታቤዙ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሎወር ያለበትን አገላለጽ ራሱን ኢንዴክስ አድርገው፣ ከዚያ ስታቲስቲክሱ እንዲታደስ ሰንጠረዡ ላይ «አናላይዝ» አስኪድ። ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚሆን ግን ሳታስኬደው በፊት ደብተርህ ላይ ገምተህ ጻፍ፤ ውጤቱን እዚሁ ንገረን።