የፊያት 124 ስፖርት ማርሚታ ላሰራ ነው፣ ድምፁ ወፈር እንዲል ጉልበቷም እንዳይወድቅ ምን ላርግ? (ድሬዳዋ)

ከዚራ 124፦
ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም ካላችሁ። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ አለችኝ፣ 1438 ሲሲዋ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት። የአጎቴ ነበረች አሁን እኔ ነኝ ማሳድራት። ሞተሯ ጤነኛ ነው ዘይት አትጠጣም፣ ግን የኋላው ማርሚታ (የጭስ ቱቦው ድምፅ ማፈኛ) በዝገት አልቆ ከስር ተቀዷል፣ የመሃሉም በጣት ስነካው ይፈረፈራል፣ ጠዋት ሳስነሳት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ኦሪጅናሉን እዚህም ጅቡቲም አስፈለግኩ አልተገኘም።

አንድ በያጅ አየልኝና ሁለቱንም ቆርጠን እንጣል፣ ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጭሱን ከሚቀበለው ብረት) ጀምሮ እስከ ኋላ ባለ 63 ሚሊ ቱቦ ቀጥ አርገን እንስራልህ፣ ድምፅም ጉልበትም ታገኛለህ አለኝ። እኔ ደሞ ምፈልገው ወፈር ያለ፣ ጋዝ ስትሰጣት ብቻ ደስ የሚል ድምፅ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም፣ ከሰዓት በዚህ ሙቀት ሰው ተኝቶ እናቴም ደም ግፊት አለባት። ሌላው ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስወጣ ትደክማለች፣ ሦስተኛ ማርሽ አልችል ብላ ሁለተኛ ስከት ደሞ ሞተሩ ይጮሃል፣ ቱቦው ቢሰፋ ይሻላታል ወይ? ማኒፎልዱ ኦሪጅናሉ ነው፣ ሁለት መውጫ አለው፣ ሁለቱ ቱቦዎች ወርደው ከስር ይገናኛሉ። ቦሎ ልወስድ ስሄድስ ያስመልሱኛል? ምታውቁ እባካችሁ።

አቢ ድሬ፦
አቦ ቁረጠው! እኔ ኮሮላዬን የኋላውን አስነስቼ ቀጥ አስደርጌያታለሁ፣ መኪና መተንፈስ አለባት፣ ማርሚታ ማለት አፏን ማፈን ነው። 63 አሪፍ ነው፣ ትልቅ በሆነ ቁጥር ጭሱ ቶሎ ይወጣል በቃ።

በያጁ ሳቢያን፦
ወንድሜ ከዚራ፣ ከመቁረጥህ በፊት ይሄን አንብብ። በብየዳ ነው ምኖረው ብዙ ሰው ቆርጦ ተመልሶ መጥቷል።

ጭስ እንደ ውሃ እየፈሰሰ አይደለም ሚወጣው። ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር አንድ አንድ ምት ሆኖ ነው ሚሄደው፣ እያንዳንዱ ምት ደሞ በፍጥነት ሲያልፍ ከኋላው ክፍተት ይተዋል፣ ያ ክፍተት ነው ቀጣዩን ሲሊንደር ሚስብለት፣ አዲሱ ቤንዚንና አየር ሲገባ አሮጌው ጭስ ተጠርጎ እንዲወጣ ሚያረገው እሱ ነው። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ይቀዘቅዛል፣ መሳቡ ይጠፋል። አንተ ደንገጎ ላይ ምትፈልገው በደቂቃ ከ2000 እስከ 4000 ዙር ያለውን ጉልበት ነው፣ 63 ሚሊ መጀመሪያ ሚገድልብህ እሱን ነው። 63 ከዚች ሞተር በጣም ለሚበልጥ ነው። ላንተ መኪና ከ45 እስከ 48 ሚሊ በቂ ነው፣ ቢበዛ 50፣ ከዛ በላይ ማንም ቢነግርህ እሺ አትበል።

ማኒፎልዱን ደሞ እንዳትነካው። የዚች ሞተር የመቃጠል ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፣ ስለዚህ 1ና 4 አንድ ላይ፣ 2ና 3 አንድ ላይ ሲወጡ ምቶቹ እኩል ተራርቀው ይመጣሉ፣ አይጋጩም። ሁለት መውጫ ያለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ወራጅ ቱቦዎች ሚገናኙበትን ቦታ ወደ ላይ አታስጠጋው፣ እርዝመታቸው ለመሃለኛው ዙር ጉልበት ነው ሚጠቅመው፣ ባለበት ይሁን። አንተ መቀየር ያለብህ ከመገናኛው በኋላ ያለውን ነው።

አቢ ድሬ፦
ታዲያ የውድድር መኪኖች ለምን ቀጥ ነው ያላቸው? እነሱ አያውቁም ማለት ነው?

በያጁ ሳቢያን፦
ያውቃሉ እንጂ አቢ። እነሱ 7000 ዙር ላይ ነው ሚኖሩት፣ ካምሻፍታቸውም ካርብሬተራቸውም ቱቧቸውም ለዛ ተብሎ አንድ ላይ የተሰራ ነው፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) እንኳን በደንብ አይቆሙም። የሱ መኪና ግን ከተማ ውስጥ በሁለተኛና በሦስተኛ ሚነዳት ናት። ማርሚታ ሁሉ ያፍናል ያልከውም ልክ አይደለም፣ ከውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ዙሪያው እሳት የማይበላው ጥጥ (ፋይበር) የታጨቀበት ዓይነት አለ፣ ጭሱ ሳይጠመዘዝ ነው ሚያልፈው፣ ከቀጥታ ቱቦ ብዙም አይለይም ጉልበት ላይ። ድምፁን ብቻ ነው ሚበላው።

የሐረር ፔጆ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐረር ነኝ ፔጆ 404 ነው ምነዳው፣ 1618 ሲሲ፣ ያንን ዳገት ሥራዬ ነው። ስለ ደንገጎ ያነሳኸው ነገር ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ሁሉም ሰው ማርሚታውን ይረግማል፣ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው።

ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር 1885፣ መሃል ላይ ሐረማያ አካባቢ 2000 ትደርሳለህ። በ1000 ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ አየር ይሳሳል ብለህ ያዝ፣ ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር ሚቀላቅለው) ያላት መኪና ደሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዛው ልክ አትቀንስም፣ ቤንዚን ይበዛባታል። ስለዚህ ያቺ 90 ፈረስ ተብላ ከፋብሪካ የወጣች ሞተር ድሬ ላይ እራሱ 80 አትሞላም፣ ሐረማያ ስትደርስ 72 ገደማ ናት። ማርሚታ ቢቀየር ጥቂት ፈረስ ነው ሚሰጥህ፣ አየሩ የወሰደብህን አይመልስም።

ምትጠቀምበት ካርብሬተሩ ነው። ካንዴላዎቹን ፍታና እያቸው፣ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆኑ ቤንዚን በዝቷል፣ የዋናውን ጂግለር (የካርብሬተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ) አንድ ቁጥር ቀንስ፣ ለምሳሌ 125 ከሆነ ወደ 120፣ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው የሚሊሜትር መቶኛ። ቡናማ ከሆኑ አትንካ። ነጭ ከሆኑ ደሞ ቤንዚን አንሷል፣ እንደዛ ሆኖ ዳገት መግፋት ቫልቭ ያቃጥላል። ግን ልብ በል፣ ማርሚታውን ለቀቅ ያለ ስታረገው ሞተሩ በደንብ ስለሚተነፍስ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል ወደ መሳሳት (ቤንዚን ማነስ) ይሄዳል፣ ከፍታው ደሞ ወደ መወፈር ይወስደዋል፣ ሁለቱ ይጣጣላሉ፣ ስለዚህ ማርሚታው ሳያልቅ ጂግለር እንዳትነካ፣ መጀመሪያ ቱቦው፣ ከዛ ሐረር ድረስ ነድተህ ካንዴላ እይ፣ ከዛ ነው ካርብሬተር።

ታይሚንጉንም (ካንዴላው ሚተኩስበትን ሰዓት) ሁለት ዲግሪ ያህል ቀደም እንዲል ብታረገው ከፍታ ላይ ትወደዋለች፣ ዳገት ላይ መንቀጭቀጭ ድምፅ ከሰማህ ግን ወዲያው መልሰው።

ከዚራ 124፦
ወላሂ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር፣ አላህ ይስጣችሁ። ካንዴላዎቹን አሁን ፈትቼ አየሁ ሦስቱ ጥቁር ናቸው አንዱ ቡናማ። 48 ሚሊ እሺ። ያ የመጀመሪያው በያጅ ግን እጁ ላይ ያለው የውሃ ቱቦ ነው፣ ነጩ ዚንክ የተቀባው፣ አይዝግም ጥሩ ነው ይለኛል። መታጠፊያዎቹንም በመጋዝ ቆርጦ ቆርጦ ሊበይድ ነው። ይሄስ ይሆናል?

ጋሽ ባቡር፦
ልጄ፣ አይሆንም። እኔ ምድር ባቡር ወርክሾፕ እዚሁ ድሬዳዋ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ ቱቦ ማጠፍ ሥራችን ነበር።

መጀመሪያ ዚንኩ። ዚንክ በብየዳ እሳት ይተናል፣ ያ ነጭ ጭስ የሚበይደውን ሰው ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ደረት መጨነቅ። ለበያጁም ብለህ እምቢ በል። ደግሞም ከማኒፎልዱ አጠገብ በሚደርሰው ሙቀት ዚንኩ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ አይዝግም ያለህ ጥቅሙም ይቀራል። የውሃ ቱቦ ወፍራምም ነው፣ ከባድ ነው፣ ማንጠልጠያውን ይጎትተዋል። ተራ ጥቁር ብረት 1 ነጥብ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ይበቃሃል፣ አቅም ካለህ ስቴንለስ፣ ድሬ እርጥበት ስለሌለ ጥቁሩም ዓመታት ይቆያል።

ማጠፊያው በመጋዝ እየተቆረጠ ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ከውስጥ የብየዳ እንጥብጣቢና ስንጣቂ ይቀራል፣ ጭሱ ሁሉ እዛ ይጋጫል። የድሮው ዘዴ በአሸዋ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለውን ደቃቅ አሸዋ ወንፊት አሳልፈህ በብረት ምጣድ ላይ እሳት ላይ አድርገህ እስኪደርቅ ታምሰዋለህ። ይሄን እንዳትዘለው፣ እርጥብ አሸዋ ቱቦ ውስጥ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ቱቦውን ያፈነዳዋል፣ ሰው ይጎዳል። ቱቦውን ሞልተህ በመዶሻ እየመታህ ታስተኛዋለህ፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ትደፍናለህ፣ አንዱ እንጨት ላይ ለእንፋሎት ቀጭን ቀዳዳ ትተዋለህ፣ ከዛ የሚታጠፈውን ቦታ ብቻ እስኪቀላ አግለህ በዝግታ ታጥፈዋለህ። የመታጠፊያውን ዙር (ራዲየሱን) ሰፋ አድርገው፣ የቱቦውን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ካላደረግህ ውስጡ ይጨማደዳል። ሲያልቅ አሸዋውን በደንብ አራግፍ፣ በውሃም እጠበው።

ሌላ ሦስት ነገር። መኪናው ላይ በኤሌክትሪክ ሲበየድ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ዲናሞውን ያቃጥላል። ቱቦውን ከፍሬንና ከቤንዚን መስመሩ አርቀህ አሳልፍ። ማንጠልጠያው የግድ ጎማ ይሁን፣ ሞተሩ ሲነሳ ሲጠፋ ይወዛወዛል፣ በብረት ለብረት ካሰርከው ወይ ይሰነጠቃል ወይ ድምፁን በሙሉ ወደ ቦዲው ያስገባዋል።

ሀያት፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎ፣ የአሸዋውን ነገር አባቴም እንደዛ ነበር የሚለው።

ከዚራ፣ እኔ ስለ ድምፁ ልንገርህ ሜካኒካል ነው የተማርኩት። አንተን ሚያስመርርህ የውጪው ድምፅ አይሆንም፣ ውስጥ ሆኖ አንድ ፍጥነት ላይ ጆሮ ሚይዘው ጉምታ ነው። አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ነው ሚተኩሰው፣ ስለዚህ 2700 ዙር ላይ በሰከንድ 90 ምት ነው፣ 3000 ላይ 100። ሐረር መንገድ ላይ በአራተኛ ስትረጋጋ ብዙውን ጊዜ እዛ አካባቢ ነህ፣ እዛ ጉምታ ከመጣ ራስህን ያመሃል።

ስለዚህ ሁለት ማርሚታ ይኑርህ፣ አንዱ መሃል አንዱ ኋላ። የመሃሉ በያጁ ሳቢያን የነገረህ ቀዳዳ ያለው ቀጥታ ቱቦ ይሁን፣ እረዘም ያለ፣ እርዝመት ነው ወፍራሙን ድምፅ ሚያረጋጋው። የኋላው ውስጡ ክፍል ክፍል ያለው ይሁን፣ ስለታሙን ይበላና ወፍራሙን ይተዋል፣ አንተ የፈለግከው ድምፅ ከዚህ ቅንጅት ነው ሚመጣው። ጥጡ ተራ ፋይበር ብቻ ከሆነ ጭሱ እየጠረገ ይወስደዋል፣ ቀዳዳው ቱቦ ላይ መጀመሪያ የስቴንለስ ሽቦ ጥጥ ጠቅልሉበት ከላዩ ፋይበሩን።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ጉምታው ካልጠፋ፣ ከቱቦው ጎን አንድ የተደፈነ ቱቦ ይበየዳል፣ ጫፉ ዝግ። ምቱ ገብቶ ዝጉ ጋ ተመልሶ ሲመጣ ቀጣዩን ያጠፋዋል። ለ90 ምት ጭሱ ትኩስ ስለሆነ እርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ30 ይሆናል። ረጅም አርጋችሁ ጀምሩና እየሞከራችሁ ቁረጡ፣ የተቆረጠ አይረዝምም።

አንድ ነገር ግን በጣም ነው ምጠይቅህ፣ ጫፉ ከኋላ መከላከያው አልፎ ይውጣ። ጎን ላይ ወይ ከወንበር ስር ሚያበቃ ቱቦ አሪፍ ይመስላል ግን ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እናትህን ይዘህ ነው ምትሄደው። ጋራዥ ውስጥም በር ዘግታችሁ እንዳታስነሷት።

የሐረር ፔጆ፦
ልክ ናት። ስለ ቦሎው ደሞ፣ ማርሚታ የሌላት መኪና ይዘህ ምርመራ አትሂድ። ሁለት ማርሚታ ካላት፣ ማያያዣው ማይተነፍስ ከሆነና ጥቁር ጭስ ከሌላት በሰላም ነው ምትወጣው፣ ለዛ ደሞ ጥቁር ካንዴላህን ቀድመህ አስተካክል።

ከዚራ 124፦
ሰዎች ተሠራች! 48 ሚሊ ጥቁር ብረት፣ መታጠፊያዎቹ ጋሽ ባቡር ባሉት በአሸዋ፣ ሁለት ማርሚታ ሀያት ባለችው፣ ጎን ቱቦ አላስፈለገም። ድምፁ አቦ እንዴት ላውራው፣ ሚኒሞ ላይ ዝም ነው፣ 3500 ስታልፍ ነው ጉሮሮዋ ሚከፈተው፣ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ሳልፍ ማንም ቀና አይልም። ሐረርም ደረስኩ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ድሮ ከምትለቅበት ትንሽ ከፍ ብላ ያዘች፣ ካንዴላዎቹ ግን አሁንም ጠቆር ስላሉ ጂግለሩን 120 ላደርገው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ቁልቁል ስወርድ እግሬን ከጋዝ ሳነሳ ጧ ጧ ይላል፣ በፊት አልነበረም።

በያጁ ሳቢያን፦
እንኳን ደስ አለህ። እሱ የአየር መግቢያ ነው። የሆነ ማያያዣ በደንብ አልገጠመም፣ ጋዝ ስትለቅ ቱቦው ውስጥ ክፍተት ይፈጠርና ከውጪ አየር ይስባል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዛ ይቃጠላል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳና አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ በጓንት ይዞ የኋላውን ጫፍ ለአፍታ ያፍነው፣ አንተ ከስር ሆነህ ጆሮህን ስጥ፣ የሳሙና ውሃም ማያያዣዎቹ ላይ ቀባ፣ አረፋ የወጣበት ነው። ከማኒፎልዱ ጀምር፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አንዴ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ስለሚተኛ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፣ በሞቀበት ሳይሆን ሲቀዘቅዝ፣ ከመሃል ወደ ዳር እያልክ።

ከዚራ 124፦
አገኘሁት፣ የግራው ወራጅ ቱቦ ከማኒፎልዱ ሚገናኝበት ላይ አረፋ አወጣ፣ አንዱ ዳዶ በእጅ ይዞር ነበር። አጠበቅኩት ግን ጓርኒሲዮኑ ጠርዙ ተበልቷል፣ አዲስ ገዝቼ ቅዳሜ ጠዋት ከጂግለሩ ጋር አንድ ላይ ነው ምገጥመው።

አቢ ድሬ፦
ቅዳሜ ስትገጥም ልምጣና ልስማት፣ የኔዋንም ያንን ማርሚታ መልሼ ላሰራላት ነው፣ በያጁ ለኮሮላ 1300 ስንት ሚሊ ይሁን?

በያጁ ሳቢያን፦
ለሷ 42 እስከ 45። ይዘሃት ና።