የሃይድሮክሲል ቻይንኛ ፊደል ውስጥ በግ ምን ይሠራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በቻይንኛ የተጻፈ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መማሪያ ላይ የሃይድሮክሲል፣ የካርቦኒል እና የካርቦክሲል (ኦክስጅን ያለባቸው የአቶም ቡድኖች) ፊደሎች ሦስቱም በግራ ጎናቸው «በግ» የሚለውን ፊደል ይዘዋል። በግን ከኬሚስትሪ ምን አገናኘው? ሳላምታታ የምለያቸውስ እንዴት ነው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ በጉ ኦክስጅን ነው። የኦክስጅን ፊደል «ያንግ» ይባላል፤ ከላይ የጋዝ ምልክት፣ ከሥሩ በግ። በግም በቻይንኛ «ያንግ» ስለሆነ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው። ሃይድሮክሲልን ሲሠሩ የኦክስጅንንና የሃይድሮጅንን («ቺንግ») የጋዝ ጣሪያ አነሡና ከሥር የቀሩትን ጎን ለጎን አቆሙ። ንባቡንም እንደዚያው ሰፉት፦ የቺንግን መነሻ ከያንግ ጋር ሲያጋጥሙት «ቺያንግ» ሆነ፤ ቶኑ (የድምፁ አወጣጥ፣ ቻይንኛ አራት አለው) እንኳ እንደ ኦክስጅን ሦስተኛው ነው። እንዴት ያለ ውብ አሠራር ነው!

ስለዚህ ዓይንህን ከበጉ አንሥተህ ቀኙን እይ። ከታች ሁለት አግድም ጭረት በአንድ ቁም ጭረት ተያይዘው ካየህ የሃይድሮጅን ቅሪት ነው፤ ሃይድሮክሲል፣ በድምሩ 11 ጭረት። ከላይ «ተራራ» ከሥሩ «አመድ» ካለ ከሰል ነው፤ ከሰል «ታን» ስለሚባል ካርቦኒል «ታንግ» ይነበባል። የካርቦክሲል ቀኝ ደግሞ «አሲድ» ከሚለው ፊደል («ሱዋን») የተወሰደ ነው፤ ንባቡ «ሱዎ»።

መልስ 2
በስልክ ስትጽፍ «ቺያንግ» የሚለውን ፒንዪን (በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ንባብ) ብቻውን አታስገባ። ግድግዳ፣ ጠመንጃ፣ ብርቱ የሚሉት ቀድመው ይደረደሩብህና የምትፈልገው ወደ ኋላ ይቀራል። «ቺያንግጂ» ብለህ አያይዘህ ጻፈው፤ «ጂ» የኬሚካል ቡድን ማለት ነው። ለ«ታንግጂ» እና ለ«ሱዎጂ»ም ያው ነው።

መልስ 3
ከበጎቹ ይልቅ ተማሪን የሚጥሉት «አን» ተብለው የሚነበቡት ሦስት ፊደሎች ናቸው። የጋዝ ጣሪያ ያለው አሞኒያ ነው፣ አንደኛ ቶን። በግራ የብረት ምልክት ያለው አሞኒየም ነው፣ ሦስተኛ ቶን፤ እንደ ሶዲየም ጨው ስለሚሠራ ከብረቶች ተመደበ። የሥጋ ምልክት ያለው አሚን (ከአሞኒያ የሚወጣ ኦርጋኒክ ውህድ) ነው፣ አራተኛ ቶን። አሞኒየም ክሎራይድ ለመጻፍ ፈልገህ የጋዙን ከመረጥክ ጨው መሆኑ ቀርቶ አሞኒያ ይሆንብሃል። በንግግር ጊዜ ቶኑ ካልያዘልህ «የብረቱ አን»፣ «የጋዙ አን» እያልክ ለይ።

የሦስቱን ሃይድሮካርቦኖች (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ውህዶች) ፊደሎች ግን በአንድ ቀን ትይዛቸዋለህ። ሦስቱም በግራ እሳት አላቸው፤ በካርቦኖቹ መካከል ባለ ነጠላ ቦንዱ «ሙሉ»፣ ባለ ድርቡ «ሳሳ ያለ»፣ ባለ ሦስትዮሹ «የጎደለ» ከሚሉ ቃላት ወጥተዋል። ሙሉ ወይም የጎደለ የሚባለው ሃይድሮጅኑ ነው።